ጋስኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ብሎኩን ይለኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞተርና ውድድር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጊዜ ሳገኝ እ.ኤ.አ. በ1995 በተሠራች፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ማዝዳ ሚያታ በአማተር ውድድር እሳተፋለሁ። ባለፈው መስከረም ዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት መሮጫ የዕለቱን ሦስተኛ ልምምድ ስነዳ የሙቀት መለኪያው መርፌ በድንገት ወደ ላይ ወጣ። ወደ ማቆሚያው ስመለስ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣ ነበር፤ የራዲያተሩም ውኃ ጎድሎ አገኘሁት። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ሳወርደው፣ በእሱና በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተሩ አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጥሏል። አንዱ ወዳጄ የፋብሪካውን ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ቀጭኑን ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጋስኬት ብትገጥም ጉልበት ትጨምራለህ ይለኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ የመዳብ ከገጠምክ ዳግመኛ አይቃጠልም ብሎ ይምላል። ቴስታታውን የወሰድኩበት ቤት 0.2 ሚሊ ሜትር መላግ አለበት ብሎኛል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ሦስቱም ወዳጆችዎ ስለ ጋስኬቱ መከሩዎት እንጂ ጋስኬቱ ስለሚያርፍባቸው ሁለት ፊቶች የጠየቀዎት የለም። ጋስኬት የሚመረጠው የቀድሞው ለምን እንደ ተቃጠለ ከታወቀና የብሎኩና የቴስታታው ፊት ከተለካ በኋላ ነው። ይህ ሳይደረግ የተገዛ ጋስኬት ውድም ይሁን ርካሽ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ምክንያት የመቃጠል ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ የአምራቾችን ዝርዝር ከማየታችን በፊት ወደ መሥሪያ ጠረጴዛዎ እንመለስ።

የተቃጠለውን ጋስኬት ጥለውት ከሆነ ፈልገው ያምጡት፤ ከሁሉ የተሻለ ምስክር እሱ ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ቀለበቱ ተጨፍልቆ ወይም ተሰንጥቆ ሌላው የጋስኬቱ አካል ደህና ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ማንኳኳት ነው፤ ይኸውም ነዳጁ በእሳት ብልጭታ ተቀጣጥሎ በሥርዓት ከመንደድ ይልቅ ከፊሉ በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ የሚፈጠረው የግፊት ምት ነው። እንዲህ ከሆነ የፒስቶኑ ጠርዝ በአሸዋ የተመታ ይመስላል፤ በካንዴላውም ነጭ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ማንኳኳትን ጋስኬት አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው የእሳቱን ጊዜ ማስተካከል፣ ቅልቅሉን ማበልጸግ ወይም ኦክታኑ ከፍ ያለ ቤንዚን መጠቀም ነው። ቀለበቱ ደህና ሆኖ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ጥቁር የጋዝ መንገድ ብቻ ከታየ ግን ቴስታታው በሙቀት ተጣሞ ጭነቱ እዚያ ቦታ ላይ ላልቷል ማለት ነው። በውኃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የዝገትና የመበላት ምልክት ካለ ደግሞ ነገሩ ከዓመታት በፊት የጀመረ፣ ያረጀ ኩላንት ያመጣው ችግር ነው።

የእርስዎ ጋስኬት በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል መቃጠሉ ግን ብዙ ነገር ይነግረኛል። ይህ የማዝዳ ሞተር መጀመሪያ የተሠራው ሞተራቸው ወደ ጎን ለሚተኛ፣ በፊት ጎማ ለሚነዱ መኪኖች ነበር። በእነዚያ መኪኖች ውኃው በፓምፑ በኩል ከሞተሩ አንድ ጫፍ ገብቶ፣ በሲሊንደሮቹ ሁሉ ዙሪያ አልፎ በሌላው ጫፍ ይወጣ ነበር። ሚያታ ላይ ሞተሩ በርዝመቱ ሲገባ የውኃው መውጫና ቴርሞስታቱ ወደ ፊት፣ ፓምፑ ወዳለበት ወገን መጣ። በዚህ የተነሳ ውኃው ከፊት ገብቶ ከፊት ለመውጣት አጭሩን መንገድ ስለሚይዝ የኋለኞቹ ሲሊንደሮች፣ በተለይም አራተኛው፣ የሚደርሳቸው ውኃ ያነሰ ነው። በከተማ መንገድ ይህ አይታወቅም። ለ20 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ከፍተኛ ዙር ላይ በሚነዳ የውድድር መኪና ግን ልዩነቱ ወደ ሙቀት፣ ሙቀቱም ወደ መጣመም ይሄዳል። ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. ለ2001 እና ከዚያ በኋላ ላሉት ሥሪቶች የጋስኬቱን የውኃ ቀዳዳዎች ለውጦ ውኃው በብዛት ወደ ኋላ እንዲሄድ አድርጓል። ብዙ ተወዳዳሪዎች ደግሞ የውኃውን መውጫ ወደ ቴስታታው ኋላ በመመለስ የቀድሞውን አሠራር ያድሳሉ። ስለዚህ እርስዎ የሚመርጡት ጋስኬት ከማተሙ (ጋዝ፣ ውኃና ዘይት እንዳያልፉ ከመዝጋቱ) በተጨማሪ የውኃውን መንገድ የሚወስን ዕቃ መሆኑን ይያዙ። በብሎኩ ላይ ቀዳዳ ኖሮ በጋስኬቱ ላይ ተደፍኖ ቢያዩ የሥራ ስህተት መስሎዎት በመብሻ እንዳይከፍቱት አደራ እላለሁ። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሞተር በእጄ አልፏል፤ ቀዳዳው የተደፈነው ሆን ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ፊቶቹ እንምጣ። አንደኛው ጉዳይ ቀጥ ማለታቸው ነው። ፊቱን በፕላስቲክ መፋቂያ ካጸዱ በኋላ በትክክል ቀጥ ያለ የማስመሪያ ብረት በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ላይ ያስቀምጡና በፊለር ጌጅ (ውፍረቱ በታወቀ ስስ የብረት ቅጠል) ከሥሩ ይፈትሹ። የፋብሪካ መጻሕፍት እንደየሞተሩ የተለያየ ወሰን ይሰጣሉ፤ እኔ ግን ለውድድር ሞተር 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነው ጌጅ የትም ቦታ ከገባ ፊቱ መላግ አለበት ብዬ እወስናለሁ። ቴስታታው እንዲላግ መክረዎት የነበረው ቤት ብሎኩን አይቶት እንደሆነ አልነገሩኝም። አብዛኛው ሰው ቴስታታውን ይልክና ብሎኩን መኪናው ውስጥ እንዳለ ይተወዋል፤ ጋስኬት ግን በሁለት ፊቶች መካከል ያለ ዕቃ ነው፤ አንዱ ቢስተካከል ሌላው ጠማማ ከሆነ የተደረገው ሥራ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የፊቱ ልስላሴ ነው፤ ምርጫዎን የሚቆርጠውም ይህ ነው። የገጽ ሸካራነት የሚለካው በማይክሮን ነው። ከግራፋይት ወይም ከሌላ ለስላሳ ነገር የሚሠራው የተለመደው ጋስኬት ትንሽ ሸካራ ፊት ይፈልጋል፤ ከ1.5 እስከ 2 ማይክሮን ያለው ፊት ይዞ ያቆመዋል። ባለ ብዙ ንብርብሩ የብረት ጋስኬት ግን ከጠንካራ የማይዝግ ብረት የተሠራ፣ በላዩ ስስ የጎማ ቅብ ያለው ስለሆነ ሸካራው ፊት ውስጥ ገብቶ ሊሞላው አይችልም፤ አብዛኞቹ አምራቾች ከ0.8 ማይክሮን ያልበለጠ ሸካራነት ይጠይቃሉ። ይህን ያህል ለስላሳ ፊት የሚገኘው በጥሩ ማሽን፣ ስለታም በሆነ መቁረጫና በዝግታ በመላግ ነው። ሥራ የሚሰጡትን ቤት «ልስላሴውን በመሣሪያ ትለካላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በጥፍራቸው ዳስሰው «ደህና ነው» የሚሉ ከሆነ ባለ ብዙ ንብርብሩን አይግጠሙ፤ ወይም ቤቱን ይቀይሩ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት የውድድር ሞተሬን ቴስታታ አንድ ቤት እንዲያጸዳልኝ ሰጥቼ ነበር። ሠራተኛው የቀድሞውን ጋስኬት ቅሪት በእጅ በሚያዝ ማሽንና በሸካራ የማጽጃ ዲስክ ፈግፍጎ አስረከበኝ። ፊቱ ያብረቀርቅ ስለነበር ደስ ብሎኝ ገጠምኩት፤ በሁለተኛው የውድድር ቀን ሁለት ነገር ደረሰ። ዲስኩ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል በዓይን የማይታይ ጎድጓዳ ቦታ አበጅቶ ስለነበር ጋስኬቱ እዚያው ላይ ተበላ። ከዲስኩ የረገፈው የመሞረጃ ብናኝ ደግሞ ወደ ዘይቱ ገብቶ የክራንክሻፍቱን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ሽል፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን ስስ የብረት መደገፊያ፣ ቦረቦረው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ዲስክ ወደ ሞተር ፊት እንዲጠጋ አልፈቅድም፤ እርስዎም አይፍቀዱ።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ባለ ብዙ ንብርብሩ ለውድድር የተመረጠበትን ምክንያት ቁጥር ይነግረናል። የሞተርዎ ብሎክ ሲድ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከሲድ ብረት እጥፍ በሚሆን መጠን ነው። 400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ 0.74 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በዚያው ርዝመት ያለው ብሎክ ግን የሚረዝመው 0.35 ያህል ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይህን ልዩነት ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ ይፈተጋል። ለስላሳው ጋስኬት ውስጡ እየተሸረሸረ፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጭነቱም አብሮት ይላላል። ባለ ብዙ ንብርብሩ ግን ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የተቀረጸው ጉብታም እንደ ምንጭ ብረት ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ ማተሙን ይቀጥላል። የውድድር ሞተር ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ እስከ ጫፉ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ነው።

የመዳቡን ወዳጅ በተመለከተ፣ የሚምለው ያየውን ነገር ቢሆንም ያየው የእርስዎን ዓይነት ሞተር አይመስለኝም። መዳብ የእሳቱን ግፊት በሚገባ ይችላል፤ ውኃና ዘይት ማተም ላይ ግን ደካማ ነው። በትክክል እንዲሠራ በብሎኩ ወይም በቴስታታው ላይ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ቦይ ተቆርጦ የብረት ሽቦ ቀለበት ይገባበታል፤ ከዚያም ብሎኖቹ ደጋግመው ይጠበቃሉ። ለጥቂት ሰከንድ በቀጥታ መስመር ለሚሮጥና ከየሩጫው በኋላ ለሚፈታ ሞተር ይህ ልክ ነው። ሙሉ የውድድር ወቅት ሳይፈታ መቆየት ለሚገባው ለእርስዎ ሞተር ግን አልመክረውም።

ቀጭኑን ግጠም ያለዎትን ወዳጅ ደግሞ በሒሳብ እንመልስለት። የሞተርዎ ሲሊንደር ስፋቱ 83፣ የፒስቶኑ ጉዞ 85 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ ሲሊንደር የሚጠርገው 460 ሲሲ ያህል ነው። የዚያ ዘመን ሞተር ኮምፕሬሽን ሬሾ (በሲሊንደሩ ያለው ጋዝ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚያሳየው ቁጥር) 9.0 ስለሆነ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከላይ የሚቀረው ቦታ 57.5 ሲሲ ነው። ቀዳዳው 84 ሚሊ ሜትር የሆነ ጋስኬት በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲሳሳ 0.55 ሲሲ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በ0.4 የሳሳ ጋስኬት ቢገጥሙ ቀሪው ቦታ ወደ 55.3 ይወርድና ሬሾው 9.3 ይሆናል። ቴስታታው በ0.2 ሲላግ ደግሞ ሌላ እስከ 1 ሲሲ ይቀንስና ወደ 9.5 ይጠጋል። ይህ በራሱ አስፈሪ ቁጥር አይደለም፤ የሚያስገኘው ጉልበትም ያን ያህል አይደለም። ዋጋው ግን ሦስት ቦታ ይከፈላል። ማንኳኳት ይቀርባል። በፒስቶኑ ጠርዝና በቴስታታው መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ይህ ክፍተት በብረት ቢላ (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ) ለሚሠራ ሞተር ከ0.9 ሚሊ ሜትር በታች እንዲወርድ አልፈልግም። ካምሻፍቶቹም (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) በ0.6 ሚሊ ሜትር ወደ ክራንክሻፍቱ ስለሚጠጉ የቫልቮቹ ጊዜ በጥቂቱ ይዘገያል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚወዳደሩበት ክፍል ደንብ ኮምፕሬሽን ሬሾን የሚወስን ከሆነ፣ ለምሳሌ እንደ ስፔክ ሚያታ ባለ ጥብቅ ክፍል ውስጥ ከሆኑ፣ ከውድድር በኋላ በሚደረግ ምርመራ ውጤትዎን ሊያጡ ይችላሉ። ደንቡን በቅድሚያ ያንብቡ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሁለቱም ፊቶች ተለክተው ከ0.8 ማይክሮን በታች የሚላጉ ከሆነ ውፍረቱ ከፋብሪካው ጋር የሚተካከል፣ ቀዳዳው ከሲሊንደሩ ስፋት ቢያንስ በ1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ባለ ብዙ ንብርብር ጋስኬት ይግዙ፤ ቴስታታው ብዙ ከተላገም በተላገው ልክ ወፈር ያለውን ይምረጡ። የጋስኬቱ ጠርዝ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቅ ካለ እንደ ፍም እየጋለ ነዳጁን ያለ ጊዜው ስለሚያቀጣጥል የቀዳዳውን ስፋት ያለ ማመንታት ይጠይቁ። የውኃውን መውጫ ወደ ኋላ ለመመለስ አሁን አቅም ከሌለዎት ደግሞ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ እንደ 2001ዱ የማዝዳ ጋስኬት የሆነውን ይውሰዱ፤ ወይም ያንኑ የፋብሪካውን ራሱን ይግጠሙ። ለአማተር ተወዳዳሪ የፋብሪካው ዕቃ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም፤ በትክክለኛ ፊት ላይ በትክክል ከተጠበቀ ብዙ ወቅት ያገለግላል። ብሎኩን ማውረድ ፈጽሞ የማይቻልና ፊቱም ትንሽ ሸካራ ነገር ግን ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ጥራት ያለው የግራፋይት ጋስኬት ከባለ ብዙ ንብርብሩ የተሻለ ያትምልዎታል። ይህን ስል ብዙ የውድድር ሰዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ግን ስሙ ትልቅ የሆነው ጋስኬት ባልተገባው ፊት ላይ ሲያፈስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ብሎኖቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። በቶርክ ቁልፍ ከምናጠብቀው ኃይል ውስጥ ብሎኑን ወጥሮ ቴስታታውን የሚጫነው አሥር በመቶ ያህሉ ነው፤ ቀሪው በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሶቹ ፍትጊያ ያልቃል። ስለዚህ ቆሻሻ ወይም ደረቅ ጥርስ ቁልፉ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየ ግማሽ ጭነት ሊሰጥ ይችላል። የብሎኩን ጥርሶች በማጽጃ ያጽዱ፤ የብሎኑን ጥርስና የራሱን ሥር መጽሐፉ ወይም የብሎኑ አምራች በሚያዘው ቅባት ያርጥቡ። በጉድጓዱ ውስጥ ግን ዘይት ወይም ውኃ እንዳይቀር በአየር ይንፉት፤ ጫፉ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ብሎኑ ሲወርድበት መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቃል። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ደረጃ ያጥብቁ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አየሩን ከውኃው ውስጥ በሚገባ ያስወጡ፤ የራዲያተሩ አፍ ከቴስታታው ከፍ እንዲል የመኪናዋን ፊት አንሥተው ቢያስነሷት ይቀላል። የፋብሪካው የሙቀት መለኪያ በሰፊ የሙቀት ልዩነት መካከል መርፌውን መሃል ላይ ስለሚያቆም መርፌው ሲነሣ በሚያዩበት ጊዜ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ያስገጥሙ፤ ዳሳሹንም የሚቻል ከሆነ በቴስታታው ኋላ፣ አራተኛው ሲሊንደር ጋ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። 4ኤ-ጂኢ ሞተር ያለው የቆየ ቶዮታ ኮሮላ ለአማተር ውድድር እያዘጋጀሁ ነው። በከፍታው ምክንያት ሞተሩ ጉልበት ስለሚያጣ ቀጭን የቴስታታ ጋስኬት ብገጥም የጠፋውን እመልሳለሁ ብዬ አስቤአለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ሐሳቡ መሠረት አለው፤ መጠኑ ግን እንደሚጠብቁት አይደለም። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሞተርዎ በየምቱ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። የዚህን ሞተር የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ሬሾው 9.4 የሆነውን እንውሰድ። ሲሊንደሩ 81፣ ጉዞው 77 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ0.4 ሚሊ ሜትር የሳሳ ጋስኬት ሬሾውን ወደ 9.8 ያደርሰዋል። በሒሳብ ይህ የሚጨምረው ጉልበት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ሃያ አምስት አጥቶ አንድ መመለስ ማለት ነው። ቀጭኑ ጋስኬት ጥሩ ምክንያት የሚኖረው በፒስቶኑና በቴስታታው መካከል ያለው ክፍተት ተለክቶ ከሚገባው በላይ ሰፊ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ቃጠሎው ይፈጥናል፤ ሞተሩም ለማንኳኳት ይበልጥ ይታገሣል።

ከፍታው በአንድ በኩል ይረዳዎታል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ የማያንኳኳ ሞተር ማግኘት ይቀላል። ነገር ግን ይኸው ሞተር 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ አዋሽ ቆላ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል፤ እላይ ጤነኛ የነበረው እዚያ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። ውድድሩ የሚደረግበትን ቦታ ዝቅተኛ ከፍታ ይዘው የእሳቱን ጊዜ ይወስኑ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ይልቅ ውኃው ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳን የሌለው ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የ0.9 ባር የራዲያተር ክዳን ሲደረግበት ወደ 114 ይደርሳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን ያው ክዳን 118 ያህል ያደርሰው ነበር። ስሱ አየር ራዲያተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ያረጀ፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ሞተርዎ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በቴስታታው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎትም ብረቱን ውኃ አልባ አድርጎ ጋስኬቱን ያቃጥላል። ሙቅ ኩላንት ጎደለ ብሎ ንጹሕ ውኃ እየጨመሩ መቀጠል የተለመደ ነው፤ እባክዎን አይልመዱት። ቀጭን ጋስኬት ለመግዛት የያዙትን ገንዘብ በአዲስ ክዳን፣ በአዲስ ቴርሞስታትና በታጠበ ራዲያተር ላይ ቢያውሉት ለሞተርዎ የተሻለ ያደርጉለታል።

ከቀድሞ ሞተር የተፈታ ቴስታታ ገዝተው ከሆነም ከመላጉ በፊት ስንጥቅ እንዳለው በግፊት ያስፈትሹት፤ በተለይ በቫልቮቹ መካከል። የተሰነጠቀ ቴስታታ ምልክቱ ከተቃጠለ ጋስኬት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰዎች ጋስኬት ሦስት ጊዜ ቀይረው አራተኛ ጊዜ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሻርጃ ነው። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ግፊቱን ልጨምር ነው። ወፍራም ጋስኬት ገጥሜ ሬሾውን ዝቅ ላድርግ?

መልስ፦ አያድርጉ። ወፍራም ጋስኬት የፒስቶኑን ጠርዝ ከቴስታታው ስለሚያርቀው የጋዙ መታመስ ይዳከማል፤ ቃጠሎው ይዘገያል፤ በዳር የቀረው ነዳጅ ደግሞ በራሱ ለመፈንዳት ጊዜ ያገኛል። በወረቀት ላይ ሬሾው ወርዶ ሞተሩ ግን ይበልጥ ሲያንኳኳ ያገኙታል። ሬሾ መውረድ ካለበት በፒስቶን ይውረድ። ለቱርቦ ሞተር ባለ ብዙ ንብርብር ጋስኬት በተለመደው ውፍረት፣ ከጠንካራ ስታዶች (ብሎኩ ላይ ተተክለው ከላይ በዳዶ ከሚታሰሩ፣ ራስ የሌላቸው ብሎኖች) ጋር ይግጠሙ። ግፊት ሲጨምር ቴስታታውን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ስለሚጨምር ከጋስኬቱ ይልቅ ቀድሞ የሚሸነፈው የፋብሪካው ብሎን ነው። ስታዶቹን ከቀየሩ የሚጠበቁበት ቁጥር የስታዶቹ አምራች እንጂ የመኪናው መጽሐፍ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ጋስኬት ስገጥም በላዩ ሲሊኮን ወይም የሚረጭ ማሸጊያ ልቀባ? አንድ ውድድር ብቻ የሠራ ጋስኬትስ መልሶ መግጠም ይቻላል?

መልስ፦ ባለ ብዙ ንብርብሩ ላይ አምራቹ ካላዘዘ ምንም አይቀቡ፤ የጎማ ቅቡ ለማተም በቂ ነው፤ ሲሊኮን ግን ጭነቱን ያዛባል፤ ተቆርሶም የውኃና የዘይት መንገድ ይዘጋል። መጽሐፉ የፊተኛው ሽፋንና ብሎኩ በሚገናኙበት ማዕዘን ጥቂት ይቀባ ካለ ያችን ብቻ ያድርጉ። የሚረጨው የመዳብ ማሸጊያ ለመዳብ ጋስኬት ጥሩ ነው።

መልሶ መግጠምን በተመለከተ፣ የግራፋይቱ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ አይመለስም። የባለ ብዙ ንብርብሩ ጉብታ ተጭኖ ቅቡም ቴስታታው ላይ ተላጦ ስለሚቀር መልሶ መግጠም ገንዘብ ማዳን አይደለም። የመዳቡ ብቻ ይቻላል፤ እሱም ከተጠቀሙበት በኋላ ስለሚጠነክር በሙሉ ፊቱ በእኩል ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ይጋልና ውኃ ውስጥ ይነከራል። እንደ ቀድሞው ሲለሰልስ በመስታወት ላይ አስተኝተው ቀጥ ማለቱን፣ በማይክሮሜትርም ውፍረቱን በየሲሊንደሩ ዙሪያ ቢያንስ በአራት ቦታ ይለኩ። አንዱ ቦታ ከሌላው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለየ ይጣሉት።